ከሳሎን የሚጀምር ንግድ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በመኖሪያ ቤት ውስጥ ስለሚሠሩ ጥቃቅን የሰፈር ንግዶችና እነሱን ስለሚገዙ ደንቦች ነው። እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ እናት፣ የሳሎኑን መስኮት ከፍቶ ሳሙናና ክብሪት የሚቸረችር ጡረተኛ፣ በአንዲት ሲንጀር ሱሪ የሚያሳጥር ልብስ ሰፊ፣ በረንዳ ላይ ሹሩባ የምትሠራ ወጣት፣ ማታ ማታ የጎረቤት ልጆችን ሰብስቦ የሚያስጠና መምህር፤ ሁሉም በዚህ ርዕስ ውስጥ አሉ። ቁጥራቸውም ቀላል አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንደገመተው በ2019፣ ማለትም ኮቪድ ዓለሙን ሁሉ ቤት ከማስቀመጡ በፊት፣ ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ሰዎች በዓለም ዙሪያ 260 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በነገራችን ላይ የውጭ አገር ታሪክ ሳነሣ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን ሕጎች ስጠቅስ ዓመተ ምሕረት እያልኩ እለያለሁ።

ደንብ አውጪዎች እንዲህ ያለ ሥራ ሲገጥማቸው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቤቱ መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ ቤት የሚለውን ነው። እኔ ዛሬ የምሞግተው ቅድሚያ የተሰጠው ጥያቄ የተሳሳተ ነው ብዬ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሥራው ለጎረቤት የሚተርፈው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ጭሱ ስንት ነው፣ ጩኸቱ እስከ ስንት ሰዓት ነው፣ ስንት ሰው ይመላለሳል፣ ምግቡ ሰው ያሳምማል ወይ? የቤቱን ስያሜ ብቻ የሚያይ ደንብ ትንሹን ነጋዴ ገና ሥራ ሳይጀምር ጥፋተኛ ያደርገዋል። ጥፋተኛ የተባለ ነጋዴ ይደበቃል፤ ተቆጣጣሪም ከዚያ በኋላ አያገኘውም፣ ቢያገኘውም ሊያስተምረው ሳይሆን ዕቃውን ሊወርስ ነው።

የከተማን መሬት እዚህ ይኖራል፣ እዚያ ይነገዳል፣ ከዚያ ማዶ ይመረታል ብሎ በካርታ ላይ መከፋፈል በክፋት የተጀመረ ነገር አለመሆኑን ግን አስቀድሜ ልናገር። ቆዳ ፋብሪካ ሽታ አለው፤ ጡብ መተኮሻ ጭስ አለው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ጡብ አምራች ነበር። መሬቱን ሲገዛ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማዋ እየሰፋች መጥታ በመኖሪያ ቤቶች ከበበችው፤ ነዋሪዎች በጭሱና በአቧራው ታመምን አሉ፤ ከተማዋም በዚያ አካባቢ ጡብ መተኮስን ከለከለች። ሰውየው መሬቱ ለጡብ ሥራ 800 ሺህ ዶላር እንደሚያወጣ፣ ለመኖሪያ ግን ከ60 ሺህ እንደማይበልጥ ገልጾ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። በ1915 ተረታ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ፍርዱ ይጎዳል እንጂ ጭሱ በማስረጃ የቀረበ፣ ጎጂነቱ የተመረመረ ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1916፣ ኒውዮርክ ከተማዋን በሙሉ በአገልግሎት የከፋፈለ ደንብ አወጣች። በ1926 ደግሞ ዩክሊድ የምትባል የኦሃዮ መንደር አምብለር ከሚባል የመሬት ኩባንያ ጋር በነበራት ክርክር ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመከፋፈሉን ሥርዓት በጥቅሉ አጸደቀው። ለውጡ ትልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሥራ እንዲከለከል ጭስ እንዳለው ማስረዳት አላስፈለገም፤ ካርታው ላይ የተቀባው ቀለም በቂ ሆነ። ጡብ መተኮሻውና አንዲት ልብስ ሰፊ በአንድ ቀለም ተከለከሉ።

ሌላም ችግር አለ፤ እሱ እንዲያውም ከካርታው ይቀድማል። ሳን ፍራንሲስኮ በ1880 ከድንጋይ ወይም ከጡብ ባልተሠራ ቤት ውስጥ ልብስ ማጠቢያ የሚያንቀሳቅስ ሁሉ የከተማውን ምክር ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት የሚል ደንብ አወጣች። ምክንያቱ የእሳት አደጋ ነው ተባለ፤ ከተማዋ በእንጨት የተሠራች ስለነበረች ምክንያቱ ከመሬት የተነሣም አልነበረም። ወደ 320 ከሚጠጉት ልብስ ማጠቢያዎች 310 ያህሉ የእንጨት ቤት ውስጥ ነበሩ፤ 240 ያህሉ ደግሞ የቻይናውያን ነበሩ። ፈቃድ ከጠየቁት ቻይናውያን 200ው ተከለከሉ። ቻይናዊ ላልሆኑ 80 ያህል አመልካቾች ግን፣ የእነሱም ቤት እንጨት ሆኖ ሳለ፣ ተፈቀደ። ጉዳዩ ዪክ ዎ በተባለው ልብስ ማጠቢያ ስም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1886 ከተማዋ ተረታች። ፍርድ ቤቱ ደንቡ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይቶ አላለፈም፤ ፈቃዱ ለማን እንደተሰጠና ማን እንደተነፈገ ቆጠረ። ዛሬም ቢሆን መስፈርት ያልተጻፈበት ፈቃድ፣ ማለትም ኃላፊው ካመነበት ይፈቅዳል የሚል ደንብ፣ በወረቀት ሲታይ የዋህ ነው። ትንሹ ነጋዴ ግን ምን ቢያሟላ እንደሚፈቀድለት አያውቅም፤ የሚያውቀው ማንን መለመን እንዳለበት ብቻ ነው።

ለእኛ የበለጠ የሚቀርበን የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ነው። ዛሬ በዚያች አገር የጥቁሮች ሰፈሮች፣ ታውንሺፕ በሚባሉት፣ ከመኖሪያ ቤት ወይም ከግቢ የሚሠሩትን ስፓዛ የሚባሉ ትንንሽ ሱቆች ከሚያንቀሳቅሱት መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ብዙዎቹም ከሆሳዕናና ከአካባቢው የሄዱ ናቸው። የአፓርታይድ መንግሥት ታውንሺፖችን ያቀደው ሠራተኛ የሚያድርባቸው ሰፈሮች አድርጎ ነበር። ቀን ከተማ ሄዶ ይሠራል፣ ከተማ ውስጥ ከነጭ ሱቅ ይገዛል፣ ማታ ተመልሶ ይተኛል። በ1963 የወጣ መመሪያ ጥቁር ነጋዴ ከአንድ በላይ ሱቅ እንዳይኖረው፣ የሚሸጠውም የዕለት ፍጆታ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ሕዝቡ ዳቦና ስኳር ለመግዛት ባቡር መሳፈር ስላልቻለ ሱቆቹ በየሳሎኑ በድብቅ ተከፈቱ። በ1991 የወጣው የንግድ ሕግ አብዛኛውን የፈቃድ ግዴታ አነሣ፤ የመሬት አጠቃቀሙ ካርታ ግን በየማዘጋጃ ቤቱ ቀረ። ቦታው አሁንም መኖሪያ ነው። ሱቅ ለማድረግ የማዘጋጃ ቤት ስምምነት፣ የጸደቀ የሕንፃ ፕላን፣ የይዞታ ሰነድ ይጠየቃል፤ በግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራ ክፍል ደግሞ ከእነዚህ ብዙ ጊዜ አንዱም የለውም። ስለዚህ አፓርታይድ ካበቃ ከ30 ዓመት በኋላም እጅግ ብዙ ሱቆች ሳይመዘገቡ ይሠሩ ነበር።

በ2024 ዋጋው ታየ። በጥቅምት ወር ሶዌቶ ውስጥ ናሌዲ በሚባል ሰፈር ስድስት ሕፃናት ሞቱ፤ ምርመራው ቴርቡፎስ የሚባል የእርሻ ፀረ ተባይ መርዝ አገኘ። ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ በኅዳር ወር ለሕዝብ ባደረጉት ንግግር ከመስከረም መጀመሪያ ወዲህ በመላ አገሪቱ 890 የምግብ ብክለት አጋጣሚዎች መመዝገባቸውን፣ ቢያንስ 22 ሰዎችም መሞታቸውን ተናገሩ፤ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ። ቀነ ገደቡ በኋላ እስከ የካቲት 2025 መጨረሻ ተራዘመ። በዚያ ሰሞን ቁጣው በውጭ ዜጎች ሱቆች ላይ ወረደ፤ የወገኖቻችንም ሱቆች ተዘጉ። አንድ ሰው ይህንን ሰምቶ፣ ይኸው፣ ሳሎን ውስጥ መነገድ ሲፈቀድ ውጤቱ ይህ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያው ንግግር መርዙ ወደ ሱቅና ወደ ቤት የገባበት ምክንያትም ተነግሯል፤ ቆሻሻ በወቅቱ ሳይነሣ ሲቀር አይጥ በዛ፤ ሰው አይጥ ለማጥፋት ለቤት ያልተፈቀደውን መርዝ ከመንገድ ዳር ገዛ። ማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ አላነሣም፤ ሱቁንም መዝግቦ አያውቅም፤ ዳቦና መርዝ በአንድ መደርደሪያ አይቀመጥም ብሎ የሚነግር የጤና ተቆጣጣሪም አልላከም። በመዝገቡ ላይ ያ ሱቅ የለማ። የሌለ ሱቅ አይጎበኝም። እንግዲህ ልጆቹን ከዚህ ዓይነት አደጋ ሊጠብቅ የሚችለው የቱ ነው፤ ሱቁን በሩቅ የከለከለው ካርታ ወይስ በዓመት ሁለት ጊዜ መደርደሪያውን የሚያይ ሰው?

ወደ አገራችን እንምጣ። አዲስ አበባ በተፈጥሮዋ ቅይጥ ከተማ ናት፤ መኖሪያውና ንግዱ፣ ሀብታሙና ድሃው በአንድ ሰፈር ኖረዋል። ከተማዋን በግልጽ ለመለየት የሞከረው የጣልያን ወራሪ ነው፤ ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ ለማስፈር ሲል ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ የዛሬው መርካቶም ከዚያ መጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲያደርግ በቀበሌ የሚተዳደሩት ቤቶች መኖሪያና ንግድ ቤት ተብለው ተመዘገቡ፤ ያ ስያሜ ከኪራዩ ጋር እስከ ዛሬ አብሮ ይሄዳል። በመኖሪያነት የተያዘ የቀበሌ ቤት ውስጥ መስኮት ከፍቶ መሸጥ የአስተዳደሩን ፈቃድ ይጠይቃል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ደግሞ የመሬት አጠቃቀምን በመዋቅራዊ ፕላን እንዲወሰን አድርጓል፤ የአዲስ አበባ ፕላን ቅይጥ መኖሪያ የሚል ክፍል ማካተቱ መልካም ነው፤ የኖረውን እውነት ተቀብሏልና። ሆኖም ፕላኑ ቅይጥ ቢልም የንግድ ፈቃዱ ሕግ የሚናገረው በሌላ ቋንቋ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 686 ያለ ንግድ ፈቃድ የሠራ ሰው ዕቃው ከመወረሱ በተጨማሪ ከ150 ሺህ እስከ 300 ሺህ ብር እንዲቀጣና ከ7 እስከ 15 ዓመት በጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። ይህ ቅጣት የታሰበው ለትልልቅ አጭበርባሪዎች ነው እንበል፤ ጽሑፉ ግን ሚሊዮን ብር የሚያዘዋውረውን አስመጪና ሁለት ምጣድ ያላትን ሴት አይለይም ነበር። በተግባር ማንም ዳኛ በእንጀራ 7 ዓመት እንደማይፈርድ ሁሉም ያውቅ ነበር። ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ የማይፈጸም ከባድ ቅጣት በደንብ አስከባሪው እጅ ማስፈራሪያ ይሆናል። የሚገርመው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አነስተኛ የእጅ ባለሙያን፣ በእጁ ሥራ የሚኖረውን፣ ከነጋዴ ወገን አልቆጠረውም ነበር። ልዩነቱን ያውቅ የነበረ ሕግ አገር ውስጥ ነበረን ማለት ነው።

ፈቃድ ልውሰድ ያለ ሰው የሚገጥመው ሌላው እንቅፋት አድራሻ ነው። ለንግድ ምዝገባ የሥራ አድራሻ ያስፈልጋል፤ ቤቱ የራስ ከሆነ ካርታ፣ ኪራይ ከሆነ ደግሞ የጸደቀ ውል። ተከራይ የሆነች እንጀራ ጋጋሪ ግን አከራይዋን ውልና ማስረጃ ይዛ መሄድ የምትችለው እሱ ከፈቀደ ነው፤ እሱ ደግሞ የኪራይ ገቢ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ይሸሻል። እሷ የግብር መሥሪያ ቤቱን ባትፈራ እንኳ የአከራይዋን ፍርሃት ትወርሳለች። የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ፖሊሲያችን መልስ አለው፤ ተደራጁ፣ ሼድ ይሰጣችኋል ይላል። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው ስትራቴጂ እስከ 5 ሰው የሚሠራበትን፣ ጠቅላላ ሀብቱ በአገልግሎት ዘርፍ ከ50 ሺህ፣ በኢንዱስትሪ ከ100 ሺህ ብር የማይበልጠውን ተቋም ጥቃቅን ብሎ በመጠን ለይቶታል። መጠን መለየቱ ትክክል ነው። ነገር ግን የመሥሪያ ቦታ ሲያስብ ሁልጊዜ ከቤት ውጭ ያለ ቦታን ነው የሚያስበው። ሕፃን ልጅ ያላት፣ የታመመ የምታስታምም፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ሼድ ብትመላለስ የዕለት ትርፏ የሚያልቅባት ሴት ከዚህ ሐሳብ ውጭ ናት። ፔሩ ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የምጣኔ ሀብት ምሁሩ የኤርናንዶ ደ ሶቶ ተመራማሪዎች ሁለት የስፌት መኪና ያለውን አንድ ወርክሾፕ በሊማ በሕጉ መሠረት ለማስመዝገብ ሞክረው 289 ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ ወጪውም ከ30 ወር ዝቅተኛ ደሞዝ በላይ ነበር። ደ ሶቶ ከዚህ ያወጣቸውን ሰፋፊ መደምደሚያዎች ሁሉ መቀበል አያስፈልግም፤ ሙከራው ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ ድሃ ሰው ሳይመዘገብ የሚሠራው ሕግ ስለሚጠላ ሳይሆን ሒሳብ ስለሚችል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጃፓን በጣም የምትጠብቀውን የመኖሪያ ክልል እንዴት እንደጻፈችው እንመልከት። ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ብቻ በሚሠሩበት፣ ጥብቅ በሆነው የመኖሪያ ክልል ውስጥ እንኳ ሰው በሚኖርበት ቤት ሱቅ ወይም ቢሮ ሊኖር ይችላል፤ የሥራው ክፍል ከ50 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከቤቱም ስፋት ከግማሽ በታች እንዲሆን ግን ግዴታ ነው። ዝርዝሩ የዕለት ሸቀጥ ሱቅን፣ ፀጉር ቤትን፣ ልብስ ሰፊን፣ የማስጠኛ ክፍልን ይጨምራል። ዳቦ ጋጋሪና ቶፉ ሠሪም ይፈቀድላቸዋል፤ የሚጠቀሙበት ሞተር ኃይል በድምሩ ከ0.75 ኪሎዋት ማለፍ የለበትም። ይህቺ ቁጥር ትገርመኛለች። ሕጉ ዳቦ ቤቱን ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አላለም፤ ጎረቤት የሚሰማውን የሞተር ድምፅ ለካ። እኛ እንዲህ ያለ ቁጥር ብንፈልግ ሌላ ነገር ነው የምንለካው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አይጮህም፤ ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ መስመር ላይ አምስት ጋጋሪ ሲጋግር የሰፈሩ ትራንስፎርመር ያቃስታል። በእኛ ሰፈር እውነተኛው የጎረቤት ጉዳት ይኸው ነው፤ በእንጨት ለሚጋገረው ደግሞ ጭሱ። ስለዚህ ደንቡ በአንድ ቤት ስንት ምጣድ፣ በምን ዓይነት ቆጣሪ፣ ጭስ ማውጫው እስከ ስንት ከፍታ ብሎ ቢጽፍ ጋጋሪዋ የሚጠበቅባትን አንብባ ታውቃለች፤ ጎረቤቷም በምን መክሰስ እንደሚችል ያውቃል።

ካሊፎርኒያ በበኩሏ ለረጅም ዘመን ከመኖሪያ ቤት የወጣ ምግብ እንዳይሸጥ ከልክላ ኖራለች። በ2011 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በቤቱ ዳቦ እየጋገረ ለሱቅ የሚያስረክብ አንድ ሰው ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ የጤና መሥሪያ ቤት አስቆመው። ዳቦው ማንንም አላሳመመም። ይህ ያስነሣው ጫጫታ ሕግ ሆኖ በ2012 ጸደቀና ከጥር 2013 ጀምሮ እንደ ዳቦና ማርማላታ ያሉ፣ ማቀዝቀዣ የማይፈልጉ ምግቦች በቤት ተሠርተው እንዲሸጡ ተፈቀደ። የሽያጭ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 35 ሺህ ዶላር፣ ቀጥሎ 45 ሺህ፣ ከዚያም 50 ሺህ ነበር። ሻጩ የምግብ አያያዝ ሥልጠና ይወስዳል፤ ከቤተሰቡ ውጭ ከአንድ ሠራተኛ በላይ አይቀጥርም፤ ማሸጊያው ላይ በቤት ማዕድ ቤት የተሠራ መሆኑን ይጽፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ለከተሞች የተሰጠው ትእዛዝ ነው። ከተማ ይህንን ሥራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው ብላ ጨርሶ መከልከል አትችልም፤ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ከፈለገች በአራት ነገሮች ላይ ብቻ ነው፤ በአንድ ሰፈር ምን ያህል ይጠጋጉ፣ የተሽከርካሪ ምልልስ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ድምፅ። በ2018 ደግሞ የበሰለ ምግብ ከቤት መሸጥን የሚፈቅድ ሕግ ተከተለ፤ በቀን 30፣ በሳምንት 60 ምግብ፣ በዓመት 50 ሺህ ዶላር ጣሪያ ተበጀለት፤ ሥራ ላይ የሚውለውም ካውንቲው ከተቀበለው ብቻ ነው። ሪቨርሳይድ የመጀመሪያዋ ሆነች። በ2023 ሳምንታዊው ወደ 90፣ ዓመታዊው ወደ 100 ሺህ ከፍ አለ። እዚህ ላይ በአሜሪካ ለምትሰሙን፣ እንጀራ ወይም ቆሎ ከቤት ለመሸጥ ለምታስቡ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ፤ የአንዱ ግዛት ዝርዝር ከሌላው አይገጥምም፤ ኒው ጀርሲ በቤት የተጋገረ ብስኩት እንዲሸጥ የፈቀደችው በ2021 ነው፣ ከግዛቶቹ ሁሉ የመጨረሻዋ ሆና። የጓደኛን ወሬ ይዞ መጀመር አያዋጣም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። አንደኛው የጎረቤት ሰላም ነው። ሰው ቤት ሲገዛ ወይም ሲከራይ ጸጥታንም ይገዛል፤ ከላይ ያለው ፎቅ ወፍጮ ቢተክል ምን ይዋጠው? ይህ ተቃውሞ እውነት ነው፤ የእኔን ሙግት ግን አያፈርስም። ወፍጮ መኖሪያ ቤት ውስጥ የማይገባው ጩኸቱና ንዝረቱ ግድግዳ ስለሚያልፍ ነው፤ ሹሩባ ሥራ ግን ግድግዳ አያልፍም። ሁለቱን በአንድ ደንብ የሚከለክል ሰው ለጎረቤት የቆመ ይመስላል እንጂ ጎረቤቱን ከምን እየጠበቀው እንደሆነ መናገር አይችልም። ጠላና አረቄ ቤት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ጠመቃው ጸጥ ያለ ነው፣ ጠጪው አይደለም። እዚያ ላይ የሰዓት ገደብ፣ ከትምህርት ቤት ርቀት፣ የጎረቤቶች ቅሬታ የሚሰማበት ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ከዚህም አልፎ በቤት መጥመቅ ይፈቀድ፣ ቤት ውስጥ ማስጠጣት ግን አይፈቀድ ብሎ የሚወስን ወረዳ ቢኖር አልቃወምም።

ሁለተኛው ቅሬታ ከባለ ሱቁ ይመጣል። በወር ብዙ ሺህ ብር ኪራይ ከፍሎ፣ ግብር እየከፈለ የሚሠራ ሰው፣ ጎን ለጎን ያለ ኪራይ በሳሎኗ የምትሸጥ ሴት ዋጋ ስትሰብርበት ፍትሕ ጠፋ ቢል ምን ይመለስለታል? በመጀመሪያ፣ በቤት የሚሸጡት ሳይመዘገቡ መሥራታቸው ይበልጥ ይጎዳዋል፤ ያልተመዘገበ ምንም አይከፍልም። ሁለተኛ፣ የግብር ሕጋችን ይህንን ችግር በራሱ መንገድ ፈትቶታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነውን ግለሰብ ደረጃ ሐ ብሎ፣ ሙሉ መዝገብ እንዲይዝ ሳያስገድድ በቁርጥ እንዲከፍል አደረገ። ደረጃዎቹ በኋላ ተሻሽለዋል፤ መርሁ ግን በመጠን መለየት ነበር። ታዲያ ለግብር ሲሆን በመጠን የሚለይ መንግሥት ለቦታና ለፈቃድ ሲሆን ለምን አንድ ቅጽ ብቻ ያቀርባል? ለቤት ሥራ የሽያጭ ጣሪያ ይቀመጥ፤ ከጣሪያው ያለፈች ሴት ሱቅ ተከራይታ ትውጣ፤ ያን ጊዜ ባለ ሱቁም ጎረቤቱ የሆነች ተፎካካሪ ያገኛል። ጣሪያው ግን የራሱ ጣጣ እንዳለው አልደብቅም፤ ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት አገር በብር የተጻፈ ጣሪያ በሦስት ዓመት ውስጥ ዋጋ ያጣል። በምጣድ ብዛት፣ በካሬ ሜትር፣ በሠራተኛ ቁጥር መጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የሚያነሡት የሠራተኛ መብት ተሟጋቾች ናቸው፤ እኔም በጣም የምፈራው ይህንኑ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሁሉ የራሱ አለቃ አይደለም። በ1880ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ስደተኞች በጠባብ የኪራይ ክፍሎቻቸው ከነልጆቻቸው ሲጋር ይጠቀልሉ ነበር፤ ባለ ሥራው ሌላ ነው፣ ክፍሉ ግን የእነሱ ነው። ግዛቱ በሕግ ከለከለ፤ ፍርድ ቤት በ1885 ክልከላውን ሻረው፤ ብዝበዛው ቀጠለ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የሥራ መሥሪያ ቤት ሹራብን፣ ጓንትን፣ ጥልፍን ጨምሮ በሰባት ዘርፎች የቤት ሥራን አገደ፤ ምክንያቱም በየቤቱ ዝቅተኛ ደሞዝን ማስከበር አልቻለም። የሹራቡ እገዳ በ1984 ተነሣ፤ በየገጠሩ ሹራብ የሚሠሩ ሴቶች ሥራችንን ነጠቃችሁን ብለው ስለጮኹ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ስለዚህ ደንቡ አንድ መስመር ማስመር አለበት፤ ለራሷ ደንበኛ የምትሸጥ ሴትና ለአንድ አስመጪ በቁራጭ የምትሰፋ ሴት አንድ አይደሉም። ለሁለተኛዋ የሚያስፈልጋት የንግድ ፈቃድ ሳይሆን አሠሪዋ ማን እንደሆነ የሚመዘግብ ሰው ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1996 ያወጣው ቁጥር 177 ስምምነት የሚናገረው ስለነዚህኞቹ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ማን ይቆጣጠራል የሚለው ይቀራል። አሥር ሺህ ሳሎን የሚጎበኝ ባለሙያ የትም ወረዳ የለም። በዚህ ረገድ ኮንዶሚኒየሞቻችን ውስጥ ብዙም ያልተነገረለት ነገር አለ። የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ሲገነቡ በየብሎኮቹ መካከል እንጀራ የሚጋገርባቸው፣ በግ የሚታረድባቸው የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች አብረው ተሠርተዋል፤ ያቀዷቸው ሰዎች ምጣድ አራተኛ ፎቅ ላይ ችግር እንደሚሆን ገብቷቸዋል። በአንዳንድ ሳይቶች እነዚህ ክፍሎች ዛሬ መጋዘን ወይም የተከራየ ሱቅ ሆነዋል። ለሽያጭ ለሚጋግሩ ሴቶች በተራ ቢሰጡ ጭሱ በአንድ ማውጫ ይወጣል፤ የወረዳው የጤና ባለሙያ በአንድ ጠዋት አሥር ጋጋሪ ያያል፤ ልጅም ከአጥር ውስጥ አይወጣም። አድራሻውም ያው የሕንፃው ቁጥር ስለሆነ አከራይ መለመን ይቀራል። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የባለቤቶች ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡን ከፍቶ ክፍሉን ለማን፣ በስንት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ መወሰን ይችላል። ስብሰባው ላይ ረጅሙ ክርክር የሚነሣው፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ቆጣሪው በማን ስም ይግባ በሚለው ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ለየምጣዱ የተለየ ንዑስ ቆጣሪ በማስገባት መጨረስ ይቻላል።